ሰባት ሌሊት በሮምና በገጠር፦ ከልጆችና ከአያት ጋር እንዴት እንከፋፍለው?

መንገደኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የጉዞ ዕቅዴን አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ስለሰረዝኩት፣ አምስተኛውን ከመጀመሬ በፊት መንገዱን የምታውቁትን መጠየቅ ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው። የምንጓዘው አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ4 ዓመት ሴት ልጃችን፣ እንዲሁም የ70 ዓመቷ አማቴ። አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ይከብዳቸዋል እንጂ በሜዳ ላይ ቀስ እያሉ ከሄዱ ከሁላችንም በላይ ይጸናሉ። የአውሮፕላን ትኬታችን ተቆርጧል፤ ቅዳሜ ሜይ 30 ማለዳ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እንደርሳለን፤ ቅዳሜ ጁን 6 ከሰዓት በኋላ ከዚያው እንመለሳለን። የቪዛው ጉዳይ ስላለቀ እርሱን እንተወው።

አሁን በእጄ ያለው ዕቅድ ሁለት ሌሊት ሮም፣ ሁለት ሌሊት ፍሎረንስ፣ ሁለት ሌሊት በቶስካና ገጠር አንድ የእርሻ ማደሪያ ውስጥ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ እንደገና ሮም የሚል ነው። ልጄ ስለ ግላዲያተሮች ያላነበበው ነገር ስለሌለ ኮሎሴዮምን ሳያይ አይመለስም። ትንሿ ዶሮና አህያ ካየች ሌላ አትፈልግም። አማቴ የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ማየት የዘመናት ምኞታቸው ነው። ባለቤቴ የሚፈልገው ስልኩ የማይጮኽበት ቦታ ነው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በየሁለት ቀኑ የአምስት ሰው ልብስ ማጠፍ አልፈልግም፤ ነገር ግን ያዘጋጀሁት ዕቅድ ይኸንኑ እንደሚያስደርገኝ አሁን ነው የገባኝ። ከተማውንና ገጠሩን በምን ያህል ልክ ልከፋፍል? የትኛው ይቅደም? መኪና ልከራይ ወይስ በባቡር ይበቃናል?

አሮጌ ካርታ፦

ጥያቄዎን ሲጨርሱ መልሱን ራስዎ ሰጥተዋል። ማደሪያ በተቀየረ ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይጠፋል፤ ጠዋት ሻንጣ ይሰበሰባል፣ ክፍሉ በጊዜ ይለቀቃል፣ ጣቢያ ይኬዳል፣ አዲሱ ማደሪያ ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላ አይከፈትም፤ ከዚያ ልጆቹ እስኪረጋጉ ድረስ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ሰባት ሌሊት ማለት ስድስት ሙሉ ቀን ነው። በዕቅድዎ መሠረት ሦስት ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱ አንድ ቀን ተኩል በሻንጣ ላይ ያልቃል፤ የቀረው አራት ቀን ተኩል ለሮም፣ ለፍሎረንስና ለገጠሩ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ቀን ተኩል አይበልጥም። ይህ ለአንድ ወጣት ተጓዥ ይቻል ይሆናል፤ አራት ዓመት ልጅና ጉልበት የሚያም ሰው ይዞ ግን ድካምን በገንዘብ መግዛት ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ፍሎረንስን ለሌላ ጊዜ ትተው አንድ ከተማ፣ አንድ ገጠር፣ በመካከላቸውም አንድ ጉዞ ብቻ እንዲያደርጉ ነው። ገጠሩን ሲመርጡ መመዘኛዎ የፎቶግራፉ ውበት ሳይሆን ከሮም በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ይሁን። ከሮም ወደ ፍሎረንስ በሚወስደው የድሮው የባቡር መስመር ላይ፣ በኡምብሪያ ክልል፣ ኦርቪዬቶ የምትባል ከተማ በገደላማ ዐለት አናት ላይ ተቀምጣለች። ተራው ባቡር ከሮም አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ፉኒኮላሬ የተባለው በገመድ የሚሳብ ባቡር ዐለቱ ላይ ያወጣዎታል፤ ከዚያ ትንሽ አውቶቡስ እስከ ካቴድራሉ አደባባይ ያደርሳል፤ አማትዎ አቀበቱን በእግራቸው ሳይወጡ ማለት ነው። በዙሪያዋ ያለው አገር የወይንና የወይራ ማሳ ነው፣ የእርሻ ማደሪያም አይጠፋም።

ቶስካናዊ፦

በአክብሮት እቃወማለሁ። ሰው ጣልያን ድረስ ሄዶ በቶስካና ያሉትን የቫል ዶርቻ ሸለቆ ኮረብቶች ሳያይ ይመለስ ማለት ይከብደኛል። ሸለቆው ከ2004 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፒየንዛ ከተማ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያዩ የሚታየው የጥድ መስመርና የስንዴ ማሳ ከሕሊና አይጠፋም። ከሮም በመኪና ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው።

አሮጌ ካርታ፦

ውበቱን አልክድም፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በአውሮፕላን ተቀምጦ ያደረ አባት፣ ከኋላው ሁለት ልጅ ጭኖ፣ በማያውቀው አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ከምናምን እንዲነዳ የሚመክር ሰው ከእርሱ ጋር መኪናው ውስጥ አይቀመጥም።

የባቡር ሰው፦

ክርክሩ ሳይገፋ የተጓዡ ቤተሰብ ቀናት ላይ ያየሁትን ልናገር፤ ማንም ያነሣው የለም። እሑድ ሜይ 31 የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ እሑድ ዝግ ሲሆኑ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ግን ጠዋት በነፃ ይከፈታሉ፤ በዚያን ቀን የሚሠራው ሰልፍ የቫቲካንን ቅጥር ተከትሎ ይጠማዘዛል፣ በጋሪ ያለች ሕፃንና አንዲት አዛውንት ይዞ የሚሞከርም አይደለም። ማክሰኞ ጁን 2 ደግሞ የጣልያን የሪፐብሊክ በዓል ነው። ወታደራዊው ሰልፍ የሚያልፈው ከኮሎሴዮም በሚነሳው በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና ስለሆነ ጠዋቱን ሙሉ አካባቢው ለተሽከርካሪ ዝግ ነው፣ ለእግረኛም አይመችም። በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ሮም የምትገኙት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ሮምን እስከ ማክሰኞ ብታራዝሙት ደግሞ ሁለቱም ችግሮች አንድ ላይ ይገጥሟችኋል። ከቀናቱ አንጻር ገጠሩ ቢቀድም፣ ሮም ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ቢሆን የሚሻል ይመስለኛል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ኦርቪዬቶ ለመሄድ መሀል ሮም መግባት ግዴታ አይደለም። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው የአካባቢ ባቡር ከፊዩሚቺኖ ተነስቶ ቲቡርቲና ጣቢያ ይደርሳል፤ ወደ ኦርቪዬቶ የሚሄዱት ተራ ባቡሮችም እዚያው ይቆማሉ። ሻንጣ ይዞ አንድ ጊዜ መቀየር ብቻ ነው። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት እንዳትረሱ፤ ያልተመታ ትኬት ተቆጣጣሪው ዘንድ ካልተገዛ ትኬት ብዙም አይለይም።

ስለ ሥራ ማቆም አድማም አንድ ነገር ልበል። ጣልያን ውስጥ የባቡር አድማ ብርቅ አይደለም፤ ግን አስቀድሞ ይታወጃል፣ በሥራ ቀናትም ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት (በጣቢያው ሰሌዳ ላይ 6፡00 እስከ 9፡00 እና 18፡00 እስከ 21፡00 ተብሎ የሚነበበው) ባሉት ጊዜያት በሕግ የተጠበቁ ባቡሮች ይሄዳሉ። ረቡዕ ስትንቀሳቀሱ አድማ ቢገጥማችሁ ይህን ካወቃችሁ አትደነግጡም።

መንገደኛዋ፦

የባቡር ሰውን ከልብ አመሰግናለሁ። ሜይ 31ን ሆነ ጁን 2ን ከቁጥርነት በላይ አላየኋቸውም ነበር። ገጠሩ ይቅደም የሚለው ሐሳብ አሳምኖኛል፤ በተለይ ከበረራው ድካም ጋር ሮም ውስጥ ከመንከራተት ልጆቹ ሣር ላይ ቢሮጡ ይሻላል። የቀረኝ የመኪናው ጉዳይ ነው። ባለቤቴ መንዳት አያስፈራውም፣ ግን እርሻ ማደሪያ ያለ መኪና ይቻላል ወይ?

መቀጮ ከፋዩ፦

ባለቤትዎ ባይፈሩም እኔ እፈራላቸዋለሁ፤ ስሜም እንደሚመሰክረው በዚህ ጉዳይ ትምህርቴን በክፍያ ነው የተማርኩት። የጣልያን ከተሞችና ብዙዎቹ ትናንሽ ጥንታዊ ከተሞች በመሀላቸው ዜድ ቲ ኤል የተባለ የተሽከርካሪ ገደብ ያለበት ቀጠና አላቸው። መግቢያው ላይ በነጭ መደብ ላይ ቀይ ክብ ያለበት ምልክት ይቆማል፣ ከላዩ ካሜራ አለ። በር የለውም፣ የሚያስቆምዎ ፖሊስ የለም፤ ፎቶግራፍ ብቻ ያነሣዎታል። እኔ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ማደሪያዬን እየፈለግሁ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ከስምንት ወር በኋላ፣ ጉዞውን ረስቼ፣ ሦስት የተለያዩ መቀጮዎች በፖስታ መጡልኝ፤ በእያንዳንዱ መግቢያ አንድ ማለት ነው። ለውጭ አገር ነዋሪ ማስታወቂያውን ለመላክ ሕጉ 360 ቀን ስለሚፈቅድ መዘግየቱ አያድንም። ከዚያ በላይ ደግሞ የመኪና አከራዩ ስሜን ለፖሊስ በመስጠቱ ብቻ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ክፍያ ከካርዴ ላይ ቆርጧል፤ ውሉን ሳነበው ለካስ ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ መኪና ከተከራዩ ለገጠሩ ብቻ ይሁን፣ ሮም ውስጥ ፈጽሞ አይሁን። ባለቤትዎ መንጃ ፈቃዳቸው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ ከሆነ ከርሱ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ መያዝ አለባቸው። አከራዮቹ አብዛኛውን ጊዜ በነጂው ስም የተመዘገበ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ፤ በሚስት ስም ያለ ካርድ አይቀበሉም፣ እኔ ፊት ሲመልሱ አይቻለሁ። ቁመቱ ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ለመጠኑ የሚሆን የልጅ ወንበር ያስፈልገዋል፤ የ11 ዓመቱን ልጅዎን ከአሁኑ ለኩት። ሁለት የልጅ ወንበር የኋላውን መቀመጫ ሲይዘው መካከል የሚቀመጥ አዋቂ ትከሻ የለውም፤ አማትዎን ከፊት አስቀምጠው እርስዎ መካከል ገብተው ካልጨነቁ በስተቀር ሰፋ ያለ መኪና መጠየቅ ይኖርብዎታል።

አያት ነኝ፦

ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጆቼን ይዤ በዚያ አካባቢ ሦስት ጊዜ ተጉዣለሁ፤ ስለ አማትሽ ልንገርሽ። አንደኛ፣ የራሳቸው ክፍልና ቢቻል የራሳቸው መታጠቢያ ቤት ይኑራቸው። ከልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብታስተኛቸው ምንም አይሉሽም፤ ግን በሦስተኛው ቀን ጉልበታቸው ሳይሆን ትዕግሥታቸው ያልቃል። ሁለተኛ፣ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ለእረፍት ተይ። በዚያ አገር ገጠር ሱቁም ቤተ ክርስቲያኑም ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ስለሚዘጋ የምታጪው ነገር የለም፤ ምግብ ቤቶቹም ለእራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አይከፍቱም። ከምሳ በኋላ ያልተኛች የአራት ዓመት ልጅ ያን ሰዓት አትጠብቅልሽም። ሦስተኛ፣ ኦርቪዬቶ ውስጥ ያለውን የቅዱስ ፓትሪሲዮ ጉድጓድ አማትሽ አይሞክሩት። መውረጃው 248 ደረጃ ነው፣ መውጫውም ሌላ 248።

ልጅሽን ግን አባቱ ይዞት ይውረድ። በ1527 ሮም በወታደር ስትዘረፍ ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ ሸሽተው ኦርቪዬቶ ገቡ፤ ከተማዋ ብትከበብ ውኃ እንዳታጣ ብለው ነው ያስቆፈሩት። ደረጃው ሁለት ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ክር ተጠምዝዞ ሳይገናኝ ይወርዳል፤ ውኃ ሊቀዳ የሚወርደው በቅሎ ከተጫነው ጋር እንዳይጋጭ። ከሃምሳ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የእኔ የልጅ ልጅ ከላይ ሆኜ ስጠራው ድምፁ ከመስኮት ወደ መስኮት እየዞረ ይመጣ ነበር፤ እኔም ካቴድራሉ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከምጠብቀው ይልቅ እዚያው አፉ ላይ መቆሜ ደስ አለኝ።

ቀን ቆጣሪ፦

ገጠሩ ይቅደም የሚለው ላይ አንድ ጥላ ላጥልበት። ጁን 2 ማክሰኞ ሲውል ጣልያኖች ሰኞን ጨምረው ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ያርፋሉ፤ እነርሱ ይህን ድልድይ ይሉታል። የሮም ሰው በዚያ አራት ቀን የሚሄደው ወደ ባሕር ወይም ወደዚሁ ገጠር ነው። ስለዚህ የእርሻ ማደሪያዎቹ በእነዚያ ሌሊቶች ቀድመው ይሞላሉ፣ ዋጋም ይጨምራሉ፣ አንዳንዶቹም ሙሉውን አራት ሌሊት ካልያዙ አይቀበሉም። ማክሰኞ ማታ ደግሞ ወደ ሮም የሚመለሰው መኪና አውራ ጎዳናውን ይዘጋዋል። ገጠሩን ያስቀደማችሁት ከተማ ውስጥ ያለውን ግርግር ሸሽታችሁ ከሆነ ግርግሩ ተከትሏችሁ ሊመጣ ይችላል።

ቶስካናዊ፦

እንግዲህ ይኸው! ቫል ዶርቻ ግን ሰፊ ነው።

አሮጌ ካርታ፦

ቀን ቆጣሪ ያሉት ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱን መጨናነቆች ማመዛዘን ያስፈልጋል። በሮም ያለው በሰዓቱ ቆሞ የሚከፈል ነው፤ ሰልፍ ነው፣ የተዘጋ መንገድ ነው፣ ልጅ ይዞ የሚሸሽበት የለም። በገጠር ያለው ግን አስቀድሞ በመያዝ የሚፈታ ነው፤ ክፍሉ አንዴ ከተያዘ በኋላ የጎረቤት ክፍል መሙላቱ የትንሿን ልጅ አህያ አያሳንስባትም። አራት ሌሊት ካልያዛችሁ አንቀበልም የሚለውም ለዚህ ቤተሰብ እንቅፋት ሳይሆን ውለታ ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ጠዋት ቢቆዩ የማክሰኞውንም የመኪና ጎርፍ ያመልጣሉ።

እንግዲህ ቀናቱን እንዲህ አያቸዋለሁ። ቅዳሜ በባቡር ኦርቪዬቶ ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ማደሪያው ከጣቢያው አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር የማይርቅ ይሁን፤ ባለቤቶቹን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ራሳቸው መጥተው ይወስዷችኋል፣ ካልሆነም ታክሲ ያስጠራሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በገጠር የምግብ መደብር ክፍት ስለማይሆን የሁለት ቀኑን አስቤዛ ቅዳሜውኑ ከጣቢያው አካባቢ ገዝታችሁ ግቡ። እሑድን ምንም አታድርጉ፤ ይህን የምለው ቀልድ አይደለም፣ ዕቅዱ ላይ «ምንም» ብለው ይጻፉት። መኪናውን ሰኞ ጠዋት ተከራዩ። የትናንሽ ከተማ አከራዮች እሑድና በዓል ስለሚዘጉ፣ ቅዳሜም ከሰዓት በኋላ ስለማይገኙ፣ የሰኞ ጠዋቱን መክፈቻ ሰዓት በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ያ ሰኞ በሁለት ዕረፍት መካከል የተሰነቀረ መሆኑን አትርሱ። ረቡዕ ጠዋት መልሳችሁ ባቡር ትሳፈራላችሁ። የሁለት ቀን ኪራይ ብቻ ነው፣ ነጂውም እንቅልፍ የጠገበ ሰው ነው።

በሁለቱ የመኪና ቀናት ብዙ አትመኙ። አንዱን ለቦልሴና ሐይቅ ስጡት፤ ከኦርቪዬቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእሳተ ገሞራ መደርመስ የተፈጠረ፣ ወደ 114 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 151 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ነው፤ ዳርቻው ግን ረጋ ብሎ ስለሚጠልቅ ትንሽ ልጅ እግሯን ልታጥብበት ትችላለች። ሁለተኛውን ቀን ወደ ቦማርዞ ውሰዱት። እዚያ በ16ኛው መቶ ዘመን አንድ የኦርሲኒ ቤተሰብ መስፍን ከዐለት ያስፈለፈላቸው ጭራቆች በጫካ መካከል ተበትነዋል፤ ዝሆን፣ ዘንዶ፣ አፉን የከፈተ ግዙፍ ፊት፣ ሆን ተብሎ ያዘነበለ ቤት። የ11 ዓመት ልጅ ከዚያ ወዲያ ሙዚየም ሰለቸኝ ብሎ አያውቅም። መሬቱ ግን ወጣ ገባ ስለሆነ አማትዎ ከመግቢያው አካባቢ ርቀው አይሄዱ። ብዙ ሰው የሚያወድሳትን ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን ለእናንተ አልመክርም፤ ከመሬት መሸርሸር የተረፈች ውብ መንደር ናት፣ ነገር ግን የሚደረስባት በረጅምና ቀጥ ባለ የእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው። በጋሪና በበሽተኛ ጉልበት ድልድዩን መውጣት ደስታውን ያጠፋዋል፤ ከማዶ ካለው መመልከቻ ቆማችሁ ብታዩአት ይበቃል።

መንገደኛዋ፦

ዕቅዱ ላይ እሑድ አጠገብ «ምንም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ባለቤቴ ሲያነበው ከአራት ሌሊት ውስጥ የወደደው እርሱን ብቻ ነው። እማማ፣ የእርስዎንም ምክር ተቀብያለሁ፤ ለአማቴ ለብቻቸው ክፍል ያለው ማደሪያ ፈልጌ ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው የመዋኛ ገንዳ አለው፣ ሌላኛው የለውም ግን አህያ አለው። በሦስት ሌሊት ሮም ምን ልተው፣ ምን ልያዝ? የትስ ልደር?

የባቡር ሰው፦

አህያ ያለውን ይያዙ። የእርሻ ማደሪያ ገንዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ውኃቸው አይሞቅም፤ በሜይ መጨረሻ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዱም ጨርሶ አልተከፈተም።

አያት ነኝ፦

አህያው።

አሮጌ ካርታ፦

በሮም ለእናንተ ዓይነት ቤተሰብ የምመክረው ሰፈር ፕራቲ ነው። ከቫቲካን ቅጥር አጠገብ ነው፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉና ሜዳ ናቸው፣ የእግረኛ መሄጃቸውም ሰፊ ነው። በመሀል ከተማው ያለው ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ለጋሪም ለጉልበትም ጠላት ስለሆነ ማታ ማታ ወደ ለስላሳ መንገድ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ማደሪያ ስትይዙ «አንደኛ ፎቅ» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ በእነርሱ አቆጣጠር ምድር ቤቱ ዜሮ ነው። ደግሞም አሳንሰር አለ ሲሉ ከመንገዱ እስከ አሳንሰሩ ስንት ደረጃ እንዳለ ጠይቁ፤ በድሮዎቹ ሕንፃዎች አሳንሰሩ ራሱ ከአሥር ደረጃ በኋላ የሚጀምር ሆኖ ይገኛል። ከዋጋው ሌላ ማደሪያው በየሰዉና በየሌሊቱ የከተማ ግብር ያስከፍላችኋል፤ በሮም ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ነፃ ናቸው፣ ስለዚህ ትንሿ አትከፍልም፣ ታላቋ ወንድሟ ይከፍላል።

የምትይዙት ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፤ በየሙሉ ቀኑ አንድ። ሐሙስ ጠዋት ኮሎሴዮም። ትኬቱ የሚለቀቀው 30 ቀን ሲቀረው ስለሆነ ቀኑን ከአሁኑ ማስታወሻ ላይ አስፍሩት፤ የየሰዉ ስም ይጻፍበታል፣ መግቢያው ላይ ከፓስፖርት ጋር ይመሳከራል፣ ስለዚህ ስሙ አንድ ፊደል እንዳይዛባ። ከ18 ዓመት በታች ያሉት በነፃ ቢገቡም ለእነርሱም ትኬት መያዝ ያስፈልጋል። ውስጡ አሳንሰር አለ፤ አማትዎ ይጠይቁ። ለልጅዎ ሕንፃው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ80 በንጉሠ ነገሥት ቲቶ ዘመን እንደተመረቀ አይንገሩት፤ እርሱ ቀድሞ ይነግርዎታል።

ዓርብ ጠዋት በማለዳ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ በአደባባዩ ሕዝቡን ስለሚቀበሉ ባዚሊካውን ለመጎብኘት አይመችም፤ እናንተም የምትደርሱት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አትሞክሩት። መግቢያው ነፃ ነው፣ የሚያቆመው የፍተሻው ሰልፍ ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው። ወደ ጉልላቱ የሚያወጣው መንገድ 551 ደረጃ አለው፤ በአሳንሰር ቢጀመር እንኳ 320 ይቀራል፤ አማትዎ ከታች ይቆዩ። የቫቲካን ሙዚየሞችን ግን እተወዋለሁ። በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ታላላቆቹ ናቸው፣ ሆኖም የአራት ዓመት ልጅ በዚያ ረጅም መተላለፊያ እስከ ሲስቲን ጸሎት ቤት መጎተት ለልጅቱም ለሥዕሉም ፍትሕ አይደለም።

አማትዎ ባዚሊካው አጠገብ ሲቆሙ አንድ ነገር ይንገሯቸው። ከባዚሊካው በስተ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 በሮም ሲያሳትሙ ኑሯቸው በዚያ ነበር። በተራው የጎብኚ መስመር ላይ ስለማይገኝ አስቀድሞ ሳይጠየቅ አይገባበትም፤ ግን የት እንዳለ ማወቁ ብቻ ለአንዳንድ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

የቀረውን ሰዓት ባዶ ተዉት። ፓንቴዮን የተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጉልላት አናት ላይ ያለው ክፍት ቀዳዳ ዝናብ ሲያስገባ ማየት ለልጅ ከአሥር ሐውልት ይበልጣል፤ ካልዘነበም የፀሐዩ ክብ በግድግዳው ላይ ሲንሸራተት ይታያል። በመንገድ ላይ ያሉት ናሶኒ የተባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ያፈስሳሉ፤ ከተማው ውስጥ 2,500 ያህል አሉ። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ይህን ለትንሿ ልጅ ካሳዩአት የኮሎሴዮምን ስም እንደምትረሳ፣ ቧንቧውን ግን እንደማትረሳ እገምታለሁ።

መቀጮ ከፋዩ፦

ስለ መመለሻው ማንም አላነሣም። አምስት ሰው ናችሁ፤ ተራ ታክሲ አራት ነው የሚጭነው። ከፕራቲ ወደ ፊዩሚቺኖ ከአንድ ቀን በፊት ሰፋ ያለ ታክሲ ማደሪያው እንዲያስይዝላችሁ ጠይቁ። በባቡር ከሆነ ከሮም ዋና ጣቢያ ከቴርሚኒ የሚነሳው ሊዮናርዶ ኤክስፕሬስ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ያደርሳል፤ ለአዋቂ 14 ዩሮ ነው፣ በአንድ ከፋይ አዋቂ ከ12 ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ በነፃ ይሳፈራል። ስለዚህ ሦስቱ አዋቂዎች 42 ዩሮ ከፍላችሁ ልጆቹ አይከፍሉም ማለት ነው። ችግሩ ሻንጣ ይዞ እስከ ቴርሚኒ መድረሱ ላይ ነው፤ አንዳንድ የሜትሮ ጣቢያዎች ላይ የሚሠራ አሳንሰር አታገኙም።

መንገደኛዋ፦

ዛሬ ማታ ማደሪያዎቹን ያዝኩ። አራት ሌሊት አህያ ካለበት እርሻ፣ ሦስት ሌሊት ፕራቲ ውስጥ ምድር ቤት ላይ ያለ ቤት፤ የአሳንሰሩን ጥያቄ በዚህ ገላገልኩት። የእርሻው ባለቤት ቅዳሜ ጣቢያው ድረስ መጥታ እንደምትወስደን ጽፋልኛለች፤ ሰፋ ያለውን መኪናም ለሰኞ ጠዋት አስይዘናል፣ ልጄም ተለክቶ 147 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ስለተገኘ የልጅ ወንበር ሊቀመጥ ነው፣ በጣም ተቆጥቷል። ቶስካናዊ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ቫል ዶርቻን ልጆቹ እስኪያድጉ አቆየዋለሁ። ባለቤትየዋ በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ «አንድ ቀን ብትጨምሩ ኮርፐስ ዶሚኒን ታዩት ነበር» ብላለች። ምን ማለቷ ነው?

አያት ነኝ፦

የቅዱስ ቁርባን በዓል ነው፣ የኦርቪዬቶ ትልቁ በዓል፣ ልጄ። በ1263 ቦልሴና ላይ ሆነ የሚሉትን ተአምር ተከትሎ ጳጳስ ኡርባን 4ኛ በዓሉን በ1264 ያወጁት ከዚያችው ከተማ ሆነው ነው። ከቁርባኑ ደም ነጠበበት የሚሉት የተአምሩ ጨርቅ በካቴድራሉ ውስጥ አለ። በበዓሉ እሑድ የከተማው ሰው የጥንቱን ልብስ ለብሶ ከነባንዲራው በመንገዱ ያልፋል። ዘንድሮ የሚውለው ጁን 7 ነው።

መንገደኛዋ፦

እኛ ጁን 6 አውሮፕላን ላይ ነን። ትኬቱን ለመቀየር የሚጠይቁትን አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ለአማቴም አልነገርኳቸውም።

አያት ነኝ፦

አትንገሪያቸው። ጨርቁን ግን ሰኞ ጠዋት መኪናውን ስትወስዱ መንገዳችሁን ወደ ላይ ወደ ካቴድራሉ አድርጋችሁ አሳዩአቸው።